ከነገሥታት የቀደሙት ሸይኽ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ሥዕል ነው። ነፍስ ያለውን ነገር መሳል ብዙ ዑለማኦች የሚከለክሉት መሆኑን አንዘነጋም። የምናነሳው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ሳይሆን ታሪክ ስላለው ነው።

ህንድን የገዙት ሙጋሎች ሠዓሊዎቻቸውን በሽኮኮ ጸጉር ብሩሽ፣ በትንሽ ወረቀት ላይ የዑለማእንና የገጣሚያንን መልክ ያስሏቸው ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን ሙዚየም የሚገኘውን ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. ከ1615 እስከ 1618 ገደማ የሠራው ቢቺትር ነው። ንጉሥ ጃሃንጊር በትልቅ የአሸዋ ሰዓት ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ከታች ሠዓሊው ራሱ፣ ከእርሱ በላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ፣ ከዚያም አንድ የዑስማኒያ ሱልጣን ቆመዋል። ከሁሉም በላይ ግን ጺማቸው የነጣው ሸይኽ ሑሰይን ናቸው፤ በአጅሜር የሙዒኑዲን ቺሽቲ መቃብር ኃላፊ። መጽሐፉ የሚሰጠው ለእርሳቸው ነው።

ጃሃንጊር የቺሽቲ ሸይኾች ውለታ ነበረባቸው። አባታቸው አክበር ልጅ አልበረክት ሲላቸው ዱዓ የጠየቁት ሸይኽ ሰሊም ቺሽቲን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1569 የተወለደውንም ልጅ ሰሊም አሉት፤ ኋላ ጃሃንጊር የተባለው እርሱ ነው።

ሸይኹ መጽሐፉን በባዶ እጃቸው አልነኩትም፤ በልብሳቸው ነው የሚቀበሉት። አክብሮት ይሁን ከዱንያ መጠበቅ፣ ለእኛ ሁለቱንም ይመስለናል።

ታዲያ ሥዕሉ የማን ነው? ፀሐይና ጨረቃ የተጣመሩበት የወርቅ ክብ ያለው ከንጉሡ ራስ ኋላ እንጂ ከሸይኹ አይደለም። ዓሊምን ማክበር ለንጉሡ ጌጥም ሆኗል። በአሸዋው ሰዓት ላይ ዘመናቸው ሺህ ዓመት እንዲሆን ምኞት ተጽፏል፤ አሸዋው ግን ወደ ታች ይፈሳል። ጃሃንጊር እ.ኤ.አ. በ1627 ወደ አኼራ ሄዱ።