የሚረጋው ዘይት ማንን ይጎዳል?

የጤና ንድፈ ሐሳብ በተቀየረ ቁጥር የዘይት ገበያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሄዷል

በምግብ ዘይት ንግድ የቆየ ሰው ሁለት ዓይነት ደንበኛ ያውቃል፡፡ አንዱ ዋጋ ጠይቆ ይገዛል፡፡ ሌላው ጄሪካኑን ወደ ብርሃን አንስቶ «ይረጋል ወይስ አይረጋም?» ይላል፡፡ በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ነጭ ሆኖ ያደረ ዘይት «ልብ ይደፍናል» ተብሎ ይታማል፤ ፈሳሹ ደግሞ በሐሜቱ ልክ ዋጋው ይወደዳል፡፡

ሐሜቱ ግማሽ እውነት አለው፡፡ በፓልም ዘይት ውስጥ ካለው ስብ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ዓይነት ነው፡፡ በሱፍ ዘይት ይኸው ስብ ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም፤ በአኩሪ አተር 15 በመቶ ገደማ ነው፡፡ ሳቹሬትድ የበዛበት ዘይት ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፡፡ ይሁን እንጂ በጄሪካን የረጋ ዘይት በደም ሥርም እንዲሁ ይረጋል ማለት አይደለም፤ ስቡ ወደ ደም የሚገባው በአንጀት ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ነውና፡፡ ጉዳቱ በሌላ መንገድ ይመጣል፡፡ ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት «መጥፎ» የተባለውን ኮሌስትሮል ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል፡፡ እስከዚህ ድረስ አብዛኛው የልብ ሐኪም ይስማማል፡፡ ክርክሩ የሚጋጋለው «በምትኩ ምን ይበላ?» ሲባል ሲሆን፣ ነጋዴውም የሚገባው በዚህ በር ነው፡፡

የስቡን ንድፈ ሐሳብ በዓለም ያስተዋወቁት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አንሰል ኪስ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀመሩት የሰባት አገሮች ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የሆነ ከ12 ሺህ በላይ ወንዶችን አስከትለው፣ ሳቹሬትድ ስብ በሚበዛበት አገር የልብ ሕመምም እንደሚበዛ አሳዩ፡፡ ተቺዎቻቸው አገሮቹ አመራረጥ ላይ ጥያቄ ያነሳሉ፡፡ ለጾመኛ አንባቢ የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ በግሪኳ ደሴት በቀርጤስ የሰዎቹ ማዕድ ከተመዘነባቸው ወቅቶች አንዱ ዐቢይ ጾም ላይ አርፎ ነበር፡፡ በሁዳዴ የሰውን ድስት አይቶ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ይበላል ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፡፡

በለንደን ጆን ዩድኪን በበኩላቸው ጥፋተኛው ስብ ሳይሆን ስኳር ነው አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ አወጡ፡፡ ብዙ ሰሚ አላገኙም፡፡ ለምን እንዳላገኙ ከፊሉ የታወቀው ዘግይቶ ነው፡፡ የአሜሪካ የስኳር ኢንዱስትሪ የምርምር ድርጅት ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች 6,500 ዶላር ከፍሎ፣ ጣቱን ወደ ስብ የቀሰረ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዲወጣ ማድረጉ በ2016 ይፋ ሆነ፡፡ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የገዛው ጊዜ ግን ብዙ ነው፡፡

ከሁሉም ለነጋዴ የሚጠቅመው የአኩሪ አተርና የፓልም ጦርነት ነው፡፡ በ1980ዎቹ የአሜሪካ አኩሪ አተር አምራቾች ማኅበር ከማሌዥያ የሚገባው ፓልም ገበያውን ሲሻማው፣ በዋጋ ከመወዳደር ይልቅ በጤና ስም ዘመቻ ከፈተ፡፡ በዚሁ ሰሞን ፊል ሶኮሎፍ የተባሉ የኦማሃ ባለሀብት ተነሱ፡፡ በ43 ዓመታቸው በልብ ድካም ተመትተው የተረፉት እኚህ ሰው፣ ከ1988 ጀምሮ በራሳቸው ገንዘብ ሙሉ ገጽ የጋዜጣ ማስታወቂያ እየገዙ ፓልምና ኮኮናት የሚጠቀሙ ኩባንያዎችን በስም አጋለጡ፡፡ ሶኮሎፍ ከልባቸው ነበሩ፤ አምራቾቹ ግን ገበያቸውን እያሰቡ ነበር፡፡ ኩባንያዎቹ ተራ በተራ ፓልምን አወጡ፤ ማክዶናልድም በ1990 ድንቹን በበሬ ሞራ መጥበሱን ተወ፡፡

በቦታው ምን ገባ? ብስኩትና ጥብስ የሚረጋ ስብ ይፈልጋሉ፡፡ ስለዚህ ፈሳሹ የአኩሪ አተር ዘይት ሃይድሮጂን እየተጨመረበት በከፊል እንዲረጋ ተደረገ፡፡ በዚህ ሥራ መሐል ትራንስ ፋት የሚባለው ስብ ይፈጠራል፡፡ በዚያው በ1990 የሆላንድ ተመራማሪዎቹ መንሲንክና ካታን ትራንስ ፋት መጥፎውን ኮሌስትሮል እንደሚያወጣ፣ ጥሩውንም እንደሚያወርድ አሳዩ፡፡ በጤና ስም የመጣው ምትክ ከተባረረው የባሰ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፡፡ ዴንማርክ በ2003 ገደብ አወጣች፡፡ አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ በመለያው ላይ እንዲጻፍ አስገደደች፤ በ2018 ደግሞ በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት ዘይት ከምግብ ፋብሪካ እንዲወጣ አደረገች፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ስብ ሳቢያ በዓመት እስከ 500 ሺህ ሰው በልብ ሕመም ያለ ዕድሜው እንደሚሞት ገምቷል፡፡

ታዲያ ተመልሶ የነገሠው ማን ነው? ፓልም! በተፈጥሮው ስለሚረጋ ሃይድሮጂን አያስፈልገውም፤ ከ2006 በኋላ ወደ አሜሪካ የሚገባው መጠን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ፡፡ ያን ጊዜ ክምችት የያዘ አተረፈ፤ የሐኪሞቹን ወረቀት ያላነበበ ደግሞ ገበያው ለምን እንደዞረ ሳይገባው ቀረ፡፡

ወደ አገር ቤት ሲመጣ ጥያቄው ይከብዳል፡፡ በጀሪካን ከውጭ የሚገባው፣ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲታደል የቆየውም ዘይት በብዛት ፓልም ነው፡፡ ኢንዶኔዥያ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የፓልም ኤክስፖርት ለሳምንታት ስታግድ ያስደነገጠውም ለዚህ ነው፡፡ የአገሩ ኑግ በአንጻሩ ከዘይቱ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ኮሌስትሮልን ዝቅ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ነው፡፡ ለጾም ወጥ ከጣዕሙም ከጤናውም አንጻር ፓልም አይደርስበትም፡፡

የኑግ ነጋዴ ግን ማሞካሸቱን ከማብዛቱ በፊት ሁለት ነገር ያስብ፡፡ ይኸው ጥሩ ስብ ቶሎ ይበላሻል፤ ለረጅም ጊዜ ክምችትና ለተደጋጋሚ ጥብስ ፓልም ይችላል፣ ኑግ አይችልም፡፡ ፓስቲና ቺፕስ ጠባሹ ፓልምን የሚመርጠው ለዋጋው ብቻ አይደለም፡፡ ሁለተኛ፣ የአነስተኛ መጭመቂያ ሒሳብ ከዘይቱ ብቻ ሳይሆን ለከብት አድላቢ ከሚሸጠው ፋጉሎም ይወጣል፤ የፋጉሎ ዋጋ ሲወድቅ የዘይቱ ዋጋ መወደዱ አይቀርም፡፡ በዚያ ላይ ፍሬው ሌላ ገዢ አለው፡፡ የኢትዮጵያ ኑግ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሚሄደው ለወፍ ቀለብ ነው፤ አሜሪካም አረም እንዳይበቅልባት በሙቀት ታክሞ እንዲገባ ታስገድዳለች፡፡ የልብ ሐኪም የሚያመሰግነው ስብ ባሕር ማዶ የጓሮ ወፍ ይቀለብበታል፡፡

ዛሬ ለአስመጪውና ለቸርቻሪው ከመርጋት አለመርጋቱ የሚብሰው ጥያቄ «የአትክልት ቅቤ» እየተባለ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው፡፡ አንዱ ፓልም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት ዘይት፡፡ ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ይረጋሉ፤ በዓይን አይለዩም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በ100 ግራም ስብ ከ2 ግራም ያልበለጠ ትራንስ ፋት ነው፡፡ ዕቃ የሚያዝ አስመጪ ይህ ቁጥር በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ መኖሩን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፡፡