ስልኩ በማን እጅ ነው? የወጣቶች የጤና ትምህርትና ሥርዓተ ፆታ

ከባሕር ዳር በሰባታሚት በኩል ወደ አዴት የሚወስደው መንገድ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ያደርሳል። በዚሁ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለች ቀበሌ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ የሙከራ ፕሮግራም ተካሂዷል። ልጃገረዶች ከሴት አማካሪዎች ጋር እየተሰበሰቡ ፊደል ይቆጥሩ፣ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤናም በግልጽ ይነጋገሩ ነበር። በግምገማው ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር በ90 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ይህ ውጤት አልታየም፤ ጋብቻው ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ዛሬ የጤና መረጃ በስልክ ይመጣል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን አሰማርቷል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በብዙ ቀበሌዎችም እነሱ የሚይዙት የቤተሰብ ጤና መዝገብ ከወረቀት ወደ ታብሌት እየዞረ ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የራሳቸው ሞባይል የነበራቸው ሴቶች ሩብ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከወንዶቹ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ነበራቸው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስለ ወር አበባ ወይም ስለ እርግዝና መከላከያ የተላከ መልእክት በአባት ወይም በወንድም ስልክ ከገባ ምስጢርነቱ ያበቃል፤ ልጅቷም ቁጣን ፈርታ መጠየቋን ትተዋለች። ወንዱ ልጅ ስልክ ቢኖረውም ያየውን የሚያርምለት ካላገኘ የተሳሳተውን እውነት ብሎ ይይዛል። መረቡም አስተማማኝ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በመተግበሪያ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት መድረሻ አልነበረውም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታል። ሆኖም አዋጁ ቤት ውስጥ ስልክ የሚቀማውን እጅ አይከለክልም።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመተግበሪያው መቅደም አለበት። የትምህርት ቤት የሥርዓተ ፆታ ክበቦች ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ቀጥሎም ከወንዶቹ ጋር ያወያዩ፤ ስልክ መቆለፍን፣ መልእክት ማጥፋትንና የመረጃን ምንጭ ማጣራትን ያስተምሩ። ወላጆችም ልጃቸው ስለ ጤናዋ ስትጠይቅ ነውር አድርገው አይዩባት። ሞሰቦ ላይ ለውጥ ካመጡት ነገሮች አንዱ ልጃገረዶቹ የሚያምኑት ሰው አጠገባቸው መኖሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ስልክም የሚጠቅመው ያ ሰው ሲኖር ነው።