የዲጂታል ምርመራ መዝገብ ርክክብ፦ ትዕዛዙ የማን፣ ኃላፊነቱስ የማን?

በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም የተሰረቀው፣ «አፍሮ አይገባ» በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ መስቀል ከአገር ወጥቶ በአንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ከገባ በኋላ፣ ከዓመታት ቆይታ በኋላ ወደ ቦታው መመለሱ ይታወሳል። ሰባት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው የዚህ ቅርስ ጉዳይ፣ በላስታ የተጀመረ ምርመራ ድንበር ሊሻገርና ዓመታት ሊፈጅ እንደሚችል ያመለክታል።

በእንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ ውስጥ መርማሪ ሊዛወር፣ በጡረታ ሊገለል ወይም ሥራ ሊለቅ ይችላል። መዝገቡ ግን ባለቤት አልባ ሊሆን አይገባውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ አድርገው አስረካቢና ተረካቢን በፊርማ እንደሚያረጋግጡ ሁሉ፣ የምርመራ መዝገብም ርክክብ ያስፈልገዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 36 መርማሪ ፖሊስ የሥራውን ሂደት በምርመራ ማስታወሻ እንዲያሰፍር ደንግጓል።

በአሁኑ ወቅት የማስረጃው ይዘት እየተለወጠ መጥቷል። የስልክ መልእክት፣ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ዝውውርና የኮምፒውተር ፋይል የምርመራ አካል ሆነዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነትና ትክክለኛነት ድንጋጌዎችን ይዟል። እነዚህን ማስረጃዎች ለማደራጀት የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ኃላፊ ይመድባሉ። ይህ «የጉዳዩ ባለቤት» የሚባለው ተጠቃሚ ማሳሰቢያዎች የሚደርሱት፣ እንደ ሶፍትዌሩ አሠራርም ጉዳዩን የመዝጋት ወይም ለሌሎች የመክፈት ሥልጣን ያለው ነው።

ባለቤትነትን ማዛወር ቀደም ሲል በሰው እጅ ብቻ የሚከናወን ነበር። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን የመሳሰሉ ስምምነቶች በመውጣታቸው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚጠቀም ኤጀንት በተራ ቋንቋ የተሰጠውን ትዕዛዝ ተቀብሎ ከሶፍትዌሩ ጋር በተያያዘ መሣሪያ አማካይነት ዝውውሩን መፈጸም የሚችልበት ሁኔታ ተስፋፍቷል። መሣሪያው በአብዛኛው የሚጠይቀው ሁለት ነገሮችን ነው፤ እነርሱም የጉዳዩ መለያ ቁጥርና የአዲሱ ባለቤት መለያ ናቸው።

ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ቅለት ነው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም ባለመኖሩ በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሠራተኞች በአንድ መሥሪያ ቤት ሊገኙ ይችላሉ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በሚል የተለያየ አጻጻፍ የተመዘገበ ስምም አለ። በመሆኑም ኤጀንቱ በስም ብቻ ከታዘዘ መዝገቡን ለማይመለከተው ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ትዕዛዙ በሠራተኛው መለያ ቁጥር ሊሰጥ፣ ኤጀንቱም ከመፈጸሙ በፊት የጉዳዩን ቁጥር፣ የአስረካቢውንና የተረካቢውን ሙሉ መረጃ አሳይቶ የኃላፊን ማረጋገጫ ሊጠብቅ ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ በማስረጃው ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ከተጠርጣሪ ኮምፒውተር በተገኘ ደብዳቤ ላይ «ይህን ጉዳይ ለእገሌ አዛውር» የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ ኤጀንቱ ሲያነበው ከአለቃ የመጣ ትዕዛዝ ሊመስለው ይችላል። ስለሆነም ማስረጃ የሚያነብ ኤጀንት ባለቤትነት የማዛወር ሥልጣን ባይኖረው ይመረጣል።

ሦስተኛው ጉዳይ የአሠራር ዱካ ነው። ኤጀንቱ በመርማሪው የይለፍ ቃል ሳይሆን በራሱ መለያ መሥራት ይኖርበታል። መዝገቡም ያዘዘውን ኃላፊ፣ የፈጸመውን ኤጀንት፣ የቀድሞውንና አዲሱን ባለቤት፣ ምክንያቱንና ሰዓቱን ማሳየት አለበት። ብዙ ሶፍትዌሮች ሰዓትን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ስለሚመዘግቡ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተደረገ ርክክብ በማሽኑ 6:00 ተብሎ ሊታይ ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ልዩነት አለው። ይህ አስቀድሞ ካልተገለጸ በፍርድ ቤት የማስረጃውን ተአማኒነት ሊያጠያይቅ ይችላል። የባለቤት ለውጥ ማስረጃውን እንዳልነካው ለማረጋገጥም የፋይሎቹን ዲጂታል አሻራ፣ ለምሳሌ ኤስ ኤች ኤ 256 የተባለውን፣ ከርክክቡ በፊትና በኋላ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በላሊበላ የመብራትና የስልክ አገልግሎት ለወራት መቋረጡ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ የኤጀንቱ አገልግሎትም ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ቅጂና ኔትወርክ እስኪመለስ የሚያገለግል የወረቀት ርክክብ ቅጽ ሊዘጋጅ ይገባል።

በአጠቃላይ ቴክኖሎጂው የርክክብን ድካም ይቀንሳል እንጂ ኃላፊነትን አይሸከምም። ኤጀንት መዝገብን ሊያዛውር ይችላል፤ በፍርድ ቤት ተጠይቆ መልስ የሚሰጠው ግን ያዘዘው ኃላፊና የተረከበው መርማሪ ነው። ስማቸው በመዝገቡ ላይ በግልጽ እስከሰፈረ ድረስ፣ የተሰረቀ ቅርስ ጉዳይ መርማሪው በመቀየሩ ብቻ ተዘንግቶ አይቀርም።