ዜሮ ያለው መለኪያ ያላየው

ዋሽንግተን ዲሲና አርሊንግተን የሚጠጡት ውሃ ከፖቶማክ ወንዝ የተቀዳ ነው። ውሃውን የሚያጣራው ዋሽንግተን አኩዊደክት እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ በቧንቧ የሚጓዘውን ውሃ ከጀርም የሚጠብቀው በተራ ክሎሪን ሳይሆን በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንን ከአሞኒያ ጋር አጣምሮ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ወደ ውሃው እርሳስ መልቀቃቸው ከተማዋን አስደነገጠ። ስለዚህ ከ2004 ወዲህ የቧንቧውን ውስጥ የሚለብጥ ኦርቶፎስፌት ይጨመርበታል። ሁለቱም ለሰው ጤና ተብለው የገቡ ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ በጨዋማ ውሃ ገንዳ ኮራል ለሚያሳድግ ሰው ግን ሁለቱም ጣጣ ናቸው። ክሎራሚኑ ዓሣ ይመርዛል። ፎስፌቱ አልጌ ይቀልባል፣ ሲበዛም ኮራሉ ጠንካራ አፅሙን እንዳይሠራ ያውከዋል።

በጥቂት ፎስፌት ምን ይመጣል የሚል አይጠፋም። ነገሩን የሚያከፋው ትነት ነው። ከገንዳው በየቀኑ ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። ያ ውሃ በቀጥታ ከቧንቧ ከተቀዳ አብሮት የመጣው ማዕድን ገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ በማግስቱ ሌላ ይደረብበታል።

ለዚህ ነው ኮራል አሳዳጊዎች ምድር ቤት ወይም ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አር ኦ ዲ አይ የሚባለውን ማጣሪያ የሚሰቅሉት። ውሃው መጀመሪያ ደለል በሚይዝ ካርትሪጅ፣ ቀጥሎ በከሰል፣ ከዚያ በሜምብሬን ያልፋል፤ በመጨረሻ ሬዚኑ የተረፈውን ማዕድን ይለቅማል። ሜምብሬኑ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ሦስት አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይልካል። የሚፈሰው ውሃ ማዕድኑ በዛ እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ልብስ ያጥባል፣ ወለል ይወለውላል።

ይህን ዓይነቱን ሜምብሬን ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሠሩት የባሕርን ውሃ ለመጠጥ ለማብቃት ነበር፤ እዚህ የመጠጥ ውሃን ለባሕር ፍጡር ያበቃል። የእነሱ ከሴሉሎስ አሴቴት የተሠራ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ያለው ፖሊአማይድ ነው፤ የተሻለ ያጣራል፣ ክሎሪን ግን ይበላዋል። ከፊቱ የተቀመጠው ርካሹ ከሰል ዋና ሥራው ውዱን ሜምብሬን ማዳን ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የሚታመነው ቲዲኤስ የሚባለው መለኪያ ነው፤ ዜሮ ካለ ሁሉም ሰላም ተብሎ ይታለፋል። መለኪያው የሚያውቀው ግን ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ብቻ ነው። ከሰሉ ደክሞ ክሎሪን ቢያሳልፍ አይናገርም። ሬዚኑም ገበና ከታች ነው፤ ሜምብሬኑ እየሞተ ሳለ ያመለጠውን ሁሉ እየዋጠ እስኪሞላ ድረስ ዜሮ ያስነብባል።

ስለዚህ ከሜምብሬኑና ከሬዚኑ መካከልም መለካት ያስፈልጋል። የቧንቧው ውሃ 200 ቢያነብና ከሜምብሬኑ የወጣው 4 ቢሆን 98 በመቶው ተይዟል፤ ጤነኛ ነው። 20 ካነበበ ግን የሬዚኑ ሸክም አምስት እጥፍ ሆኗል። ሬዚን ቶሎ ቶሎ አለቀብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሜምብሬኑ መሆኑን አያውቅም። ማሽኑ ቆሞ ሲያድር ማዕድን በሜምብሬኑ በኩል ቀስ እያለ ስለሚሾልክ የመጀመሪያው ውሃ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ እሱን ደፍቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መለካት ነው። በየቀኑ ለአንድ ባልዲ ከማስነሳት አልፎ አልፎ በርሜል መሙላት ሬዚን ያተርፋል።

ለከሰሉ መፈተሻው ሌላ ነው። ከሜምብሬኑ ወደ ፍሳሽ የሚሄደውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ጠቅላላ ክሎሪን በሚለካ ወረቀት መንከር ነው። ነፃ ክሎሪን ብቻ የሚለካው ወረቀት ክሎራሚንን አያሳይም። ወረቀቱ ቀለም ካመጣ ከሰሉ አልቋል፤ ስድስት ወር ሞላው አልሞላው ብሎ መቁጠር የለም።

የሰፈር ጉዳይም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ውሃው የሚመጣለት ተራ ክሎሪን ከሚጠቀመው ከደብሊው ኤስ ኤስ ሲ የውሃ ድርጅት ስለሆነ አንድ ደህና ከሰል ይበቃዋል። አርሊንግተን ያለው ወዳጁ ግን ክሎራሚን ከሰል ላይ ቀስ ብሎ ስለሚፈርስ ሁለት ከሰል በተከታታይ ቢያስገባ ይሻለዋል። ሲፈርስም አሞኒያ ስለሚለቅና ከፊሉ ሜምብሬኑን ስለሚያልፍ ሬዚኑን ቀድሞ መቀየሩ አይቀርም። በዚያ ላይ አኩዊደክቱ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ከማርች መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳል፤ በዚያው ሰሞን የመንገድ ዳር የእሳት አደጋ ቧንቧዎች እየተከፈቱ መስመሩ ይታጠባል። እኔ ብሆን የደለሉንና የከሰሉን ካርትሪጅ የምቀይረው ይህ እንዳለቀ ነው።

ቅያሬው ከባድ አይደለም። ውሃውን ዘግቶ ግፊቱን ማስተንፈስ፣ የካርትሪጁን መያዣ በፕላስቲክ ቁልፉ ፈትቶ ማጠብ። ክቡ ጎሚኒ ካልተሰነጠቀ በጣት ሲሊኮን ግሪስ ይቀባል፤ ቫዝሊን ጎሚኒውን ስለሚያበላሽ አይሆንም። አዲስ ከሰል ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ በከሰል ዱቄት የጠቆረ ነው። ወደ ሜምብሬኑ የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ እስኪጠራ ድረስ ባልዲ ላይ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ይህን የዘለለ ዱቄቱን ሜምብሬኑ ላይ ይደፋዋል። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ማየት ነው፤ 60 ፒ ኤስ አይ አካባቢ መልካም ነው። የቤቱ ግፊት ሳይለወጥ ወደ 40 ከወረደ የደለሉ ካርትሪጅ ተደፍኗል።

ክረምት ላይ ግን ማሽኑ ያለ ሕመሙ የታመመ ይመስላል። ውሃው በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ የሜምብሬኑ ምርት በግምት 3 በመቶ ይቀንሳል፤ ለበረዶ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ወደ ፖቶማክ ሲገባ የቧንቧው ውሃ የቲዲኤስ ቁጥር ከፍ ይላል። ብዙዎች አዲስ ሜምብሬን የሚገዙት ያኔ ነው። ግፊቱ ደህና ከሆነና 98 በመቶው አሁንም ከተያዘ ገንዘቡን ይዞ እስኪሞቅ መጠበቅ ይበቃል።