ከራሳችን በላይ የሚዞረው ብረት

በቀደም አመሻሽ ላይ፣ እዚህ ፒስጋት ዘኤቭ፣ ከሕንፃችን ፊት አግዳሚው ላይ አረፍ ካሉት እናቶች አንዷ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው «መምህር፣ ያ የሚሄደው ሚሳኤል ነው እንዴ? ማማድ እንግባ?» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ አንድ ብርሃን ያለ ድምፅ ወደ ይሁዳ በረሃ በኩል ያልፋል። «አይ እማማ፣ ሳተላይት ነው» አልኳቸው። ልባቸው አረፈ። ትንሽ ቆዩና «ታዲያ ሲያረጅ የት ይወድቃል?» አሉ። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። እናንተም ሳትጠይቁ አትቀሩምና መልሱን ልጻፈው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።)

መጀመሪያ መለየቱን። አውሮፕላን መብራቱን ያብለጨልጫል። ሳተላይት ግን የራሱ መብራት የለውም፤ እኛ ዘንድ ሲመሽ እሱ ከፍ ብሎ ስላለ ፀሐይ ገና ታበራበታለች። የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይጠፋል። አዝዓካ ከሰማችሁ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ ማማድ ግቡ።

ሲያረጅስ? ወዲያው አይወድቅም። በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሮጥ ሞቶም ይዞራል። አሜሪካኖች በ1958 ያመጠቋት ቫንጋርድ 1 ሬዲዮዋ ዝም ካለ ከ1964 ወዲህ ነው፤ እሷ ግን ዛሬም እየዞረች ነው። መዞሩ ባልከፋ፤ መጋጨት አለ። በፌብሩዋሪ 2009 ኮስሞስ 2251 የተባለ የሞተ የሩሲያ ሳተላይት፣ በሥራ ላይ ከነበረው ከአሜሪካኖቹ ኢሪዲየም 33 ጋር በሳይቤሪያ ሰማይ ላይ ተላተመና ሁለቱ ከ2,000 በላይ ስብርባሪ ሆኑ።

ጠባቂ አለው ወይ ብትሉ፣ አለው። አባቴ ቄስ ነበሩ። ጎንደር ሳለን አዲሲቱን ጨረቃ ለማየት አመሻሽ ላይ ደጅ ይቆማሉ፤ ያዩትን ከቁጥራቸው ጋር ያስተያያሉ። ደመና ቢጋርዳትም የት እንዳለች ያውቁ ነበር። የዛሬዎቹም ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ብረቱን ነክቶ ሲመለስ ቦታውና ሰዓቱ ይመዘገባል። ከዚያ መንገዱን አስልተው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ይመጣል ባሉበት ሰዓት ይጠብቁታል። አሜሪካኖች በ2020 በፓስፊክ ደሴት ላይ ሥራ ያስጀመሩትን ራዳር «የጠፈር አጥር» ብለውታል። ግን እንደ ጨረቃ የታመነ አይደለም። ፀሐይ ስትቆጣ የላይኛው አየር ያብጥና ስብርባሪውን ይጎትተዋል፣ ስሌቱም ይዛነፋል። ስለዚህ መላልሶ ማየት ግድ ነው።

ከአሥር ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ እሱን ስለሚያዩት ይሸሹታል። የጠፈር ተመራማሪዎች የሚኖሩበት ጣቢያ ብዙ ጊዜ መንገዱን ለውጧል። እኔን የሚያሳስበኝ ትንሹ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ያለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። አብዛኛው አይታይም፣ ቁጥርም የለው፤ ግን የሽንብራ ፍሬ የምታህለው ሳተላይት ታበላሻለች።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሌላው ዓለም ብዙውን ጊዜ የምድርን መሽከርከር እያገዘው ወደ ምሥራቅ ያመጥቃል። እስራኤል ግን ከ1988ቱ ኦፌክ 1 ጀምሮ የኦፌክ ሳተላይቶችን ከፓልማሂም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ነው የምታመጥቀው፤ የሮኬቱ ክፍልፋይ ጎረቤት አገር ላይ እንዳይወድቅ። እንግዲህ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ ሲወርድ ብቻውን ሽቅብ የሚወጣውን ሰው አስቡት። ፊት ለፊት ከመጣበት ጋር የሁለቱ ፍጥነት ይደመራል።

ኢትዮጵያም አለችበት። በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው፣ ከእንጦጦ ይቆጣጠሯት የነበረች 70 ኪሎ ያህል ሳተላይት፣ እርሻና ደን እንድትመለከት ለሁለት ዓመት ነበር የታሰበችው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያለን ነገር አየሩ ጎትቶ እስኪያወርደው ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ወደ እማማ ጥያቄ ልመለስ። ሲወርድ አብዛኛው አየር ላይ ይቃጠላል፤ የተረፈውም ብዙውን ጊዜ ባሕር ነው የሚገባው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ በ2024 መጨረሻ ኬንያ ውስጥ ሙኩኩ በተባለች መንደር ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ያህል የሆነ የብረት ቀለበት ወርዷል። ሰው አልነካም።

ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን አመሻሽ ላይ ብርሃን ሲያልፍ ስለ ማማድ አይጠይቁኝም። «ይኼኛውስ ቁጥሩ ስንት ነው?» ይሉኛል።