ቢግፉትን ፍለጋ፤ ያልተረጋገጠ ፍጡርና የተረጋገጠ ኃላፊነት

በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው የጊፎርድ ፒንቾት ብሔራዊ ደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ሞተው ተገኙ። ከአጎራባቹ የኦሪገን ግዛት የመጡት እነዚህ ሰዎች ወደ ደኑ የገቡት "ሳስኳች" ወይም "ቢግፉት" እየተባለ የሚጠራውን ፀጉራም ግዙፍ ፍጡር ለመፈለግ ነበር። በፈረንጆች የገና ዕለት ቤተሰቦቻቸው አለመመለሳቸውን ለፖሊስ ካመለከቱ በኋላ ከ60 በላይ በጎ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ፍለጋ ለሦስት ቀናት ተካሂዷል። የሰለጠኑ ውሾች፣ ሰው አልባ አውሮፕላኖችና የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይልም ተሰማርተዋል። የስካማኒያ ካውንቲ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት በወቅቱ ባወጣው መግለጫ ሰዎቹ ለሞት የተዳረጉት በአየሩ አስቸጋሪነትና በቂ ዝግጅት ባለማድረጋቸው ምክንያት እንደሚመስል አስታውቋል።

ቢግፉት ስለመኖሩ እስከ አሁን ሳይንሳዊ ማረጋገጫ አልቀረበም። ይሁን እንጂ ፈላጊዎቹ፣ ደኖቹ፣ በፍለጋው ምክንያት የወጡት ደንቦችና የሚሰማሩት የነፍስ አድን ሠራተኞች በእርግጥ ያሉ ናቸው። በመሆኑም ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባልተረጋገጠ ነገር ላይ ጥያቄ ወይም ጥቆማ ሲቀርብላቸው እንዴት ሊያስተናግዱት እንደሚችሉ የሚያሳይ ተሞክሮ ይዟል።

የስያሜው አመጣጥ

"ሳስኳች" የሚለው ቃል በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ከሚኖሩ ነባር ሕዝቦች የሃልኮሜለም ቋንቋ የተወሰደ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እንዲታወቅ ያደረጉት በ1920ዎቹ በአካባቢው ያስተምሩ የነበሩት ሚስተር ጄ. ደብልዩ. በርንስ ናቸው።

"ቢግፉት" ማለትም "ባለትልቅ እግር" የሚለው ስያሜ የገነነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ ብላፍ ክሪክ በተባለ ስፍራ መንገድ በመጥረግ ላይ የነበሩት የቡልዶዘር ኦፕሬተር ሚስተር ጄሪ ክሪው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የእግር አሻራ አግኝተው በጀሶ ቀረጹ። ሃምቦልት ታይምስ የተሰኘው ጋዜጣ ዘገባውን ይዞ ሲወጣ ወሬው በመላ አገሪቱ ተሰራጨ። ይሁንና የመንገድ ሥራው ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ቤተሰቦቻቸው አሻራዎቹ ሟቹ ከእንጨት ባስጠረቧቸው እግሮች ለቀልድ የተሠሩ መሆናቸውን ይፋ አድርገዋል።

በዚያው በብላፍ ክሪክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1967 ሮጀር ፓተርሰንና ቦብ ጊምሊን የተባሉ ሁለት ፈረሰኞች በሁለት እግሩ የሚራመድ ፀጉራም ፍጡር የሚያሳይ ፊልም ቀርጸዋል። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ርዝመት ያለው ይህ ፊልም ልብስ የለበሰ ሰው ነው በሚሉና እውነተኛ እንስሳ ነው በሚሉ ወገኖች መካከል ዛሬም ድረስ ያከራክራል።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የቢግፉት የመስክ ተመራማሪዎች ድርጅት በርካታ ቀናት የሚፈጁ ጉዞዎችን በማዘጋጀት ክፍያ የፈጸሙ ሰዎችን ወደ ደን ይወስዳል። ተሳታፊዎች ቀን ቀን በወንዝ ዳርቻ፣ በጭቃና በበረዶ ላይ አሻራ ይፈልጋሉ፤ ያገኙትንም በጀሶ ይቀርጻሉ። ሌሊት ደግሞ ዛፍን በእንጨት በመምታትና ረጅም የጩኸት ድምፅ በማሰማት ምላሽ ይጠብቃሉ፤ ከሰውነት የሚወጣ ሙቀትን በሚለዩ ካሜራዎችም ጨለማውን ይቃኛሉ።

ድርጅቱ የሚደርሱትን ጥቆማዎች በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ፍጡሩ በግልጽ ታይቷል የተባለባቸው በመጀመሪያው፣ በሩቁ ወይም በጨለማ የታየባቸውና ድምፅ ብቻ የተሰማባቸው በሁለተኛው፣ ከሌላ ሰው የተሰሙት ደግሞ በሦስተኛው ደረጃ ይመደባሉ። አሠራሩ የዓይን ምስክርን ከወሬ ለመለየት ይረዳል። ሆኖም በቅርብ አይቻለሁ የሚል ሰው ያየውን በትክክል ለይቷል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የተፈጠረውን መመልከት ይቻላል። በዚያው በጊፎርድ ፒንቾት ደን ውስጥ የተሰማራ ቡድን ለማባበያ ፍራፍሬ ባስቀመጠበት ስፍራ በጭቃ ላይ የአንድ ትልቅ አካል አሻራ አግኝቶ በጀሶ ቀረጸ። ቡድኑ አሻራውን ጋደም ያለ ሳስኳች የተወው ነው ሲል፣ ሌሎች ባለሙያዎች ግን ኤልክ የተባለው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ሲተኛ የሚተወው ምልክት መሆኑን ገልጸዋል።

ከአጋዘን ይበልጥ ለስህተት የሚዳርገው ጥቁር ድብ ነው። ድብ አልፎ አልፎ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኋላ እግሩ አሻራ የሰውን ይመስላል፤ የፊትና የኋላ እግሮቹ አሻራዎች ሲደራረቡም አንድ ረጅም እግር የረገጠው መስለው ይታያሉ። ፍሎ ፎክሰን የተባሉ የመረጃ ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ የሕዝብ ብዛትና የደን ስፋት ከግምት ከገባ በኋላም ቢሆን ጥቁር ድብ በሚበዛባቸው የአሜሪካና የካናዳ ግዛቶች ሳስኳች አየን የሚሉ ጥቆማዎችም እንደሚበዙ አመልክተዋል።

ደንብ ያወጡ አስተዳደሮች

ሁለቱ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት የስካማኒያ ካውንቲ ከጉዳዩ ጋር ያለው ግንኙነት የቆየ ነው። የካውንቲው አስተዳደር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1969 ባወጣው ደንብ ሳስኳችን ሆን ብሎ የገደለ ሰው እስከ 10 ሺህ ዶላር የገንዘብ መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት የሚደርስ እስራት እንደሚጠብቀው፣ ሁለቱም ቅጣቶች በአንድነት ሊወሰኑበት እንደሚችሉም ደንግጓል።

ደንቡ የወጣበት ቀን ፈረንጆች በቀልድ የሚያሳልፉት ዕለት ቢሆንም በመግቢያው የሰፈረው ምክንያት ቀልድ አልነበረም። ወሬውን ሰምተው ወደ አካባቢው ከጎረፉት ሰዎች ብዙዎቹ የጦር መሣሪያ የያዙ በመሆናቸው በነዋሪዎችና በመንገደኞች ደኅንነት ላይ አደጋ መደቀኑን ያትታል። በጨለማ ውስጥ በሁለት እግሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ መተኮስ ሰውን ሊገድል ይችላልና ደንቡ በተግባር የሚጠብቀው ከሳስኳች ይልቅ ሰውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በተደረገው ማሻሻያ ቅጣቱ ቀንሶ ካውንቲው ለሳስኳች መጠለያ ተብሎ ተሰይሟል። የተገደለው ፍጡር ሰው መሰል መሆኑ በአስከሬን መርማሪው ከተረጋገጠም ጉዳዩ በነፍስ ግድያ ሕግ እንዲታይ ተደንግጓል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ተሞክሮ በኔፓልም ታይቷል። በሂማላያ ተራሮች "የቲ" የተባለውን ፍጡር ለመፈለግ የሚመጡ የውጭ ቡድኖች በመበራከታቸው የኔፓል መንግሥት የሥራ መመሪያ አውጥቶ ነበር። በካትማንዱ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ1959 ለመሥሪያ ቤቱ እንዳስተላለፈው ማስታወሻ ከሆነ፣ ፈላጊዎች ለፈቃድ 5 ሺህ የኔፓል ሩፒ መክፈል፣ ራስን ለመከላከል ካልሆነ በቀር በፍጡሩ ላይ አለመተኮስና የሚያነሱትን ፎቶግራፍ ለመንግሥት ማስረከብ ነበረባቸው። ስለፍጡሩ መኖር የሚያስረዳ ዘገባም ያለ መንግሥት ፈቃድ ለጋዜጠኞች እንዳይሰጥ ተከልክሏል። መንግሥቱ የቲ መኖር አለመኖሩን ሳይወስን የሰዎቹን እንቅስቃሴ በሥርዓት እንዲመራ ማድረግ ችሏል።

ቤተ ሙከራዎች ምን አገኙ?

እ.ኤ.አ. በ1976 ታዋቂው ፈላጊ ሚስተር ፒተር በርን ከአነስተኛ የቆዳ ቁራጭ ጋር የተያያዙ 15 ፀጉሮችን ለአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ በመላክ እንዲመረመሩላቸው ጠየቁ። የቢሮው ቤተ ሙከራ ሥራ በዋናነት የወንጀል ምርመራ ቢሆንም ጥያቄውን በልዩ ሁኔታ ተቀብሎ ፀጉሩን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ ላይ በሰጠው ምላሽም ፀጉሩ ከአጋዘን ወገን የተገኘ መሆኑን አስታውቋል። የደብዳቤ ልውውጡን የያዘው ፋይል እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ይፋ ሆኗል።

በኔፓል ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 በመሩት ጉዞ በኩምጁንግ መንደር ገዳም የተቀመጠውና የየቲ የራስ ቆዳ ነው ይባል የነበረው ቅርስ ተመርምሮ ሴሮው ከተባለ ፍየል መሰል የተራራ እንስሳ ቆዳ የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ብራያን ሳይክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት የዲኤንኤ ጥናትም ከተለያዩ አገሮች ከተሰበሰቡ ፀጉሮች ውጤት የሰጡት 30ዎቹ የድብ፣ የፈረስ፣ የላም፣ የውሻ ወገን፣ የሰውና የመሳሰሉት የታወቁ አጥቢዎች መሆናቸው ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ የየቲ ናቸው ከተባሉ ዘጠኝ ናሙናዎች ስምንቱ የድብ፣ አንዱ የውሻ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ የቲን ባያገኝም ስለ ሂማላያና ቲቤት ድቦች የዘር ሐረግ ጠቃሚ መረጃ አስገኝቷል።

አዲስ እንስሳ ሲገኝ ምን ይመስላል?

ፈላጊዎች ዘወትር የሚያቀርቡት መከራከሪያ ሳይንስ ዘግይቶ ያወቃቸው ትላልቅ እንስሳት መኖራቸውን ነው። መከራከሪያው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በኮንጎ ደን የሚኖረው ኦካፒ እ.ኤ.አ. በ1901፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን እ.ኤ.አ. በ1910፣ በቬትናምና በላኦስ ድንበር የሚኖረው ሳኦላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 በሳይንስ ተመዝግበዋል።

ሦስቱም ግን የተመዘገቡት ከወሬ ባለፈ ማስረጃ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች እንስሳቱን ቀድሞም ያውቋቸው፣ ያድኗቸውም ነበር፤ ለሳይንስ ባለሙያዎች የቀረበውም በእጅ የሚዳሰስ ቆዳ፣ ቀንድና አጥንት ነው። ቢግፉትን በተመለከተ ግን ከ60 ዓመታት በላይ በዘለቀ ፍለጋ አንድ አጥንት ወይም አንድ ጥርስ እንኳ ተረጋግጦ አልቀረበም።

በእነዚሁ ተራሮች ብርቅዬ እንስሳ ሲኖር ካሜራ እንደሚያገኘውም ታይቷል። ከስካማኒያ በስተሰሜን በሚገኘው የማውንት ሬይኒየር ብሔራዊ ፓርክ ወልቨሪን የተባለችው ሥጋ በል አውሬ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር በካሜራ መታየቷ እ.ኤ.አ. በ2020 ተገልጿል። በፓርኩ የዚህ እንስሳ እናት ከግልገሎቿ ጋር ስትታይ ከ100 ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

ከተሞክሮው የሚገኝ ትምህርት

ከላይ ከተጠቀሱት ሁኔታዎች መገንዘብ እንደሚቻለው፣ ሥራቸውን በአግባቡ የተወጡት መሥሪያ ቤቶች በጠያቂው ያልተሳለቁ፣ ያቀረበውንም ሳይመረምሩ ያልተቀበሉ ናቸው። የምርመራ ቢሮው ፀጉሩን መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ አሳወቀ። የስካማኒያና የኔፓል አስተዳደሮች ደግሞ የፍጡሩን ጉዳይ ለባለሙያ ትተው በሥልጣናቸው ክልል ያለውን የሰዎችን ደኅንነትና ሥርዓት ጠበቁ።

በሌላ በኩል የ2024ቱ አደጋ ደንብ ብቻውን በቂ አለመሆኑን አመልክቷል። ወደ ሩቅ ደን የሚገባ ማንኛውም ሰው፣ ዓላማው ምንም ይሁን ምን፣ የሚሄድበትን አቅጣጫና የሚመለስበትን ሰዓት ለሌላ ሰው በጽሑፍ መተው፣ የአየር ትንበያን ማየት፣ ብርድና እርጥበት የሚከላከል ልብስ፣ ትርፍ ምግብና የተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ በማይደርስበት ቦታ የሚያገለግል የመገናኛ መሣሪያ መያዝ ይጠበቅበታል። ከሁሉም በላይ የአየሩ ሁኔታ ሲከፋ ጉዞን ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ቢግፉት ወደፊት ይገኝ አይገኝ የሚወስነው ማስረጃ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ለፍለጋ ወጥተው የሚጠፉ ሰዎችን በበረዶና በጨለማ ፈልጎ የማውጣቱ ኃላፊነት እንደ ስካማኒያ ባሉ አነስተኛ አስተዳደሮችና በበጎ ፈቃደኞቻቸው ትከሻ ላይ ይወድቃል።