ጥፋትን ሳይመዝኑ መቅጣት የሚያስከትለው ጉዳት

ጓደኛውን ለመጉዳት ቢላዋ ይዞ የመጣ ተማሪና የፍራፍሬ መቁረጫ ቢላዋ በቦርሳው የረሳ ሕፃን እኩል ሊቀጡ ይገባልን? “ዜሮ ቶለራንስ” በሚባለው አሠራር መልሱ አዎን ነው። የተማሪው ዕድሜ፣ ሐሳብና ያደረሰው ጉዳት አይመዘንም።

አሠራሩ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ ይዞ የተገኘ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር ደነገገ። ሕጉ ኃላፊዎች ጉዳዩን መርምረው ቅጣቱን እንዲያሻሽሉ ቢፈቅድም፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ጥብቅ ቅጣቱን ወደ ቀላል ጥፋቶች ጭምር አሰፉት።

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ግብረ ኃይል በ2008 ያሳተመው ሪፖርት፣ አሠራሩ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ሰላማዊ ለማድረጉ ማስረጃ እንዳልተገኘ ገልጿል። ጥቁር ተማሪዎች ከቁጥራቸው ድርሻ በላይ እንደሚቀጡም አመልክቷል።

ከትምህርት ገበታው የተባረረ ልጅ ትምህርቱ ያመልጠዋል፤ ከመምህራን ክትትልም ይርቃል። ጥፋቱን የሚያርምበትን ዕድል ያጣል፤ ትምህርቱን የማቋረጥ ሥጋቱም ይጨምራል።

ይህ ማለት ጥፋት ይታለፍ ማለት አይደለም። ለሕይወት የሚያሰጋ ድርጊት ፈጣን እርምጃ ያስፈልገዋል። በቀላል ጥፋት ላይ ግን ወላጅን ጠርቶ መምከር፣ የተበዳዩን ጉዳት ማስካስና ቅጣትን ደረጃ በደረጃ ማክበድ ልጁን ከትምህርቱ ሳይነጥሉ ለማረም ያስችላሉ።